«እኔ መታወቂያ ብቻ ነው የሰጠሁት»

ወገኖቼ! ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም የመን ጠረፍ ላይ፣ አብያን አካባቢ፣ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። አለቀስን፣ ደላላንም ረገምን። እኔ ግን ዛሬ የምገሥጸው ደላላውን ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለው መንገድ የብዙ ሰው መተዳደሪያ ሆኗል። መልማዩ የሰፈር ልጅ ነው፤ ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ ነው ልጅቷን የሚያግባባው። ሹፌሩ ክፍያው ስለሚበልጥ በሌሊት ይነዳል። አልጋ አከራዩ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቆ ከውጭ ይቆልፍባቸዋል። ገንዘብ አስተላላፊው አይጠይቅም። የቀበሌው ሠራተኛ የ16 ዓመቷን ልጅ 23 ብሎ ይጽፋታል። ስትጠይቁት «እኔ መታወቂያ ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላችኋል። ጥፋቱ እንደ ዝክር ዳቦ ተቆርሶ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለደረሰ፣ ማንም የራሱ አይመስለውም።

ሰው ውጭ አገር ሄዶ መሥራቱን አልነቅፍም፤ በሐቅ የሚያገናኝ ኤጀንሲም የተከበረ ሥራ ይሠራል። ግን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውንም የደርሶ መልስ ቲኬቱንም አሠሪው ይክፈል ይላል። አንቺ ይህን እያወቅሽ፣ በሬውን ሸጦ ከመጣ ገበሬ «የቪዛ» ብለሽ ገንዘብ የምትቀበዪ እህቴ፣ አለቃዬ አዞኝ ነው ማለት አያድንሽም። ብሩን የቆጠረው ያንቺ እጅ ነው።

«ሥራ የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል፤ የተማረው ሳይቀር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ነገር ግን አንተ ሹፌር፣ መንጃ ፈቃድህ ሰሊጥም ሲሚንቶም ያስጭንሃል። ገቢው ያንሳል፤ አዎ፣ በጣም ያንሳል፤ ልጆችህም ይህን ይቸገሩበታል። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ የገዛ እህትህን በዚያ ሌሊት፣ በዚያ መኪና፣ ለዚያ ሰው አስረክበህ ትመለስ ነበር? ካልሆነ የሰው እህት ለምን?

እኛም የቀረነው ንጹሕ አይደለንም። በድንገት የበለጸገውን ሰው ሽማግሌ አድርገን እናስቀድማለን፣ ልጃችንን እንድርለታለን። የግንባታ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ፣ ለመስጊዱ ሲሚንቶ ሲሰጣችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ከየት አመጣኸው በሉት። ልጃቸው ባሕር የቀረባቸው እናት እዚያው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጠዋል። መልሱን ካጣችሁ ገንዘቡን መልሱለት።