መምህሩን ሰላይ አታድርጉት

ወገኖቼ፣ አንድ ወጣት በጽንፈኛ አስተሳሰብ ተነድቶ ደም ባፈሰሰ ቁጥር ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ዩኒቨርሲቲው የት ነበር? መንግሥትስ ምን ይሠራ ነበር?» የሚል ነው። መጠየቁ ነውር የለበትም። ነውሩ መልሱን ሳንጠብቅ፣ በዚያው የቁጣ ሰዓት፣ በየግቢው ተጨማሪ ጠባቂና ተጨማሪ የስም ዝርዝር እንዲኖር መጮኻችን፣ ባለሥልጣናቱ የጠየቅነውን ሲፈጽሙልንም ምን እንዳስከተለ ለማየት ዞር ብለን አለማየታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ተግሳጼ ወደ እኛ ወደ ዜጎቹ ነው፤ ባለሥልጣኑንም የዩኒቨርሲቲውን አመራርም በፍርሃታችን የምንገፋቸው እኛው ነንና።

እስቲ በይፋ የሚታወቁ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2009 ወደ አሜሪካ ዲትሮይት ከተማ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በልብሱ የደበቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ ወጣት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ከ2005 እስከ 2008 የተማረ፣ የሙስሊም ተማሪዎችን ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት የመራ ነበር። ጣት ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተቀሰረ፤ ሆኖም ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በ2010 ባወጣው ሪፖርት ወጣቱ በዚያ ሲማር ወደ ጽንፈኝነት እንደተሳበ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የልጁ መለወጥ ያስጨነቃቸው ወላጅ አባቱ ግን ከጥቃት ሙከራው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብለው በአቡጃ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ራሳቸው ሄደው ስጋታቸውን ተናግረዋል። የልጁ ስም ከ500 ሺህ በላይ ስሞች በሰፈሩበት የአሜሪካ መንግሥት የሽብር ተጠርጣሪዎች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ቪዛው አልተሰረዘም፣ ከበረራም የከለከለው አልነበረም።

ሁለተኛው የኬንያው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2015 አልሸባብ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይ ባደረሰው ጥቃት 148 ሰዎች ሲገደሉ ከእነርሱ 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ከአጥቂዎቹ አንዱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ሲሆን፣ የአካባቢ ሹም የነበሩት አባቱ ልጃቸው ደብዛው መጥፋቱን አስቀድመው ለፀጥታ አካላት አመልክተው በፍለጋው ይተባበሩ ነበር።

ሁለቱም አባቶች የሄዱት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ለወላጅ ከዚህ የከበደ መንገድ እንዳለ አላውቅም፤ የገዛ ልጅን ስም ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት የሚቻለው መንግሥት ልጁን ከጥፋት ያስቆምልኛል የሚል እምነት ሲኖር ብቻ ነው። እኛ ግን የምንጮኸው ይህ እምነት እንዲጠነክር አይደለም። የምንጮኸው መዝገቡ እንዲሰፋ ነው፤ መዝገቡ በሰፋ መጠንም እውነተኛው የአባት ቃል ከመቶ ሺህ ጥርጣሬዎች ሥር ይቀበራል።

ብሪታኒያ በ2015 ያወጣችው የፀረ ሽብርተኝነትና የደህንነት ሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የአካባቢ አስተዳደሮች ሰዎች ወደ ሽብርተኝነት እንዳይሳቡ መከላከልን ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጡት ግዴታ ጣለባቸው። ሕጉ ዩኒቨርሲቲዎች የመናገርና የማስተማር ነፃነትንም እንዲያስቡ ያዛል፤ ስለዚህ ያወጡት ሰዎች ክፉ ዓላማ ነበራቸው አልልም። ነገር ግን የግዴታው ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ መምህር ወይም በአንድ የግቢ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው፤ እርሱም ሳይጠቁም ቀርቶ ከሚጠየቅ ጠቁሞ ቢሳሳት ይመርጣል። በዚያው ዓመት ይፋ በሆነ አንድ ጉዳይ፣ በስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ሽብርተኝነትን ስለ መከላከል በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚማር ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ስለዚያው ትምህርት የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነብ በመታየቱ ስለ አመለካከቱ ተጠይቋል፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2008 በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ለጥናቱ ባወረደው የአልቃይዳ ሰነድ ምክንያት 6 ቀን ታስሮ ያለ ክስ ተለቋል፤ ሰነዱ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት የነበረ ነው።

ይህን ያየና የሰማ ተማሪ ምን ይማራል ብላችሁ ታስባላችሁ? በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «እነዚህ ሰዎች የሚሉት ነገር እውነት አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አደጋ እንዳለው ይማራል። ጥያቄው ግን አይጠፋም። ሌሊት በስልኩ ላይ ይጠይቃል፤ የሚመልስለትም ዓመታት ያነበበው መምህሩ መሆኑ ቀርቶ ትዕግሥተኛና ምላሰ ለስላሳ የሆነ የጽንፈኞች መልማይ ይሆናል። እንግዲህ ልጆቻችሁን ለመልማዩ አሳልፋችሁ የምትሰጡት በዚህ መንገድ መሆኑን እወቁ።

አንዳንዶቻችሁ «ጠንከር ያለ እርምጃ ያስፈልጋል» ትላላችሁ። ግድያ የሚያቅድን፣ መሣሪያ የሚያቀብልንና ሌሎችን ለጥፋት የሚመለምልን ሰው ፖሊስ ይያዘው፣ ፍርድ ቤትም ይቅጣው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሐሳቡ ያላማራችሁን ወጣት፣ ዘመዶቹንና ጓደኞቹን ጭምር በጅምላ እንዲያሳድዱላችሁ ግን አትጠይቁ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በአፍሪካ የታጠቁ ጽንፈኛ ቡድኖችን በፈቃዳቸው የተቀላቀሉ ሰዎችን አነጋግሮ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከእነርሱ 71 ከመቶ የሚሆኑት ለመቀላቀል የመጨረሻ ውሳኔ ያደረሳቸው የመንግሥት እርምጃ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር፣ መሆኑን ተናግረዋል። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ያጨበጨባችሁለት የጅምላ እስራት ለመልማዩ ያልደከመበት መከር ሆኖለታል።

ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። በዴንማርክ የኦርሁስ ከተማ ፖሊስና የከተማው አስተዳደር ከሥነ ልቡና ምሁራን ጋር ሆነው፣ ወንጀል ያልተገኘበትንና ከሶሪያ ጦርነት የተመለሰን ወጣት ከአማካሪ ጋር አገናኝተው ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው እንዲመለስ ይረዱት ነበር። ወላጆችም ስለ ልጃቸው ሲፈሩ የሚደውሉለት ሰው ነበራቸው። ፖሊስም ብዙዎቹ ተጓዦች ይሰግዱበት ከነበረው መስጊድ ኃላፊዎች ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ። ከዚያች ከተማ በ2013 ወደ ሶሪያ የሄዱት 30 ያህል ሲሆኑ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ እጅግ አሽቆለቆለ። ለውጡ ሁሉ የዚህ ሥራ ውጤት ነው ብዬ አልምልም፤ ወላጆች ሳይሸሹ ወደ መሥሪያ ቤቱ መምጣታቸው ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በኖርዌይ ደግሞ ጁላይ 22 ቀን 2011 በቀኝ ጽንፈኝነት የተነዳ አንድ ሰው 77 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱም 69ኙን የገደለው በአብዛኛው ወጣቶች በተሰበሰቡበት በኡቶያ ደሴት ነው። ያ ሰው ከእስር ቤት ሆኖ የፖለቲካ ሳይንስ ለመማር ሲያመለክት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ተቀበለው። የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሕጋቸውን የሚያከብሩት ለራሳቸው ሲሉ እንጂ ለእርሱ ሲሉ እንዳልሆነ ገለጹ። የሟቾች ወዳጆች በሚማሩበትና በሚያስተምሩበት ተቋም ይህን መወሰን ምን ያህል እንደሚመር አስቡት። እኛ ከዚህ እጅግ በቀለለው ጉዳይ፣ ባልገደለና ባልተከሰሰ ተማሪ ላይ፣ ደንብ እንዲጣስልን እንጮኻለን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚያስፈራ ነገር ሲናገር አፉን አታስይዙት፤ ጨርሶ እስኪናገር ስሙትና ከዚያ ተሟገቱት። መምህራን ሆይ፣ ከባዱን ጥያቄ በክፍላችሁ አስተናግዱ፤ አመራሩ ከለላ እንዲሰጣችሁም በጽሑፍ ጠይቁ። ባለሥልጣን ሊያነጋግራችሁ ሲመጣም ስንት ተጠርጣሪ እንደተያዘ መጠየቁን ትታችሁ፣ ስለ ልጁ የፈራ ወላጅ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ከሄደ በኋላስ በልጁ ላይ ምን እንደሚደርስ ጠይቁት፤ ግልጽ መልስ እስኪሰጣችሁም ከስብሰባው አትነሡ።

የተማሪን ስምና ፎቶ «ጽንፈኛ» እያላችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ የምታሰራጩ ደግሞ ዛሬውኑ ተዉ። ተጠርጥሮ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠ ተማሪ ካለ፣ ጥርጣሬውን ያወራችሁትን ያህል ነፃ መሆኑንም አውሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ጥርጣሬውን በለጠፈበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይህንኑ እንዲለጥፍ፣ ያመለጠውንም ፈተና እንዲያስፈትነው ጠይቁ።