ሲስተም ሲጠፋ ሥራው ለምን አብሮ ይጠፋል?

በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ወጥቶ በስልክ ይሁን ሲባል ብዙ ሰው «ይኼ ነገር እዚህ አይሠራም» ብሎ ነበር። የደብረ ማርቆስ የባጃጅ ሾፌር ግን ለሥልጠና እስኪጠራ አልጠበቀም። ያልገባው የገባውን ጠየቀ። ስማርት ስልክ የሌለው በትንሿ ስልኩ የቴሌብርን *127# እየመታ፣ ከየትኛው ቁጥር ቀጥሎ የትኛው እንደሚነካ በቃሉ ያዘ። መጀመሪያ ላይ ግራ መጋባት ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ ንጭንጭም ነበር። ከዚያ ተለመደ።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? ካልከፈለ ነዳጅ የለም። ነዳጅ ከሌለ የዕለት ገቢ የለም። መዘግየት የሚያስከፍለው ራሱን ነው።

አሁን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት እንግባ። ኮምፒውተሩ አለ። ሶፍትዌሩ ተጭኗል። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ አበሉም ተከፍሏል። ባለጉዳዩ ግን ዛሬም ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ «ነገ ይምጡ» ይባላል። እዚህ ቤት መዘግየት ማንን ያስከፍላል? የሠራተኛው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይገባል። የኃላፊው ሪፖርት ይጻፋል። የሚከፍለው ደጅ የሚጠናው ሰው ብቻ ነው።

ተቋማት ከቴክኖሎጂ ጋር አብረው ለምን አይሄዱም በሚለው ጉዳይ ላይ የምለው ይህንኑ ነው። ዕቃ ይጎድላል፣ አልክድም። ከዕቃው በፊት ግን የመዘግየቱ ዋጋ የሚያርፍበት ሰው ሌላ መሆኑ ነው ችግሩ። ዋጋው ወደ ተቋሙ ካልተመለሰ የተሻለ ኮምፒውተር ብንገዛም እዚያው ነን።

በመሬት ጉዳይ እንየው። ጎጃም ውስጥ ባለጉዳይ ከሚመላለስባቸው ቢሮዎች ሁሉ የመሬቱን የሚያህል ያለ አይመስለኝም።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ጎዛምን ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ በአብዛኛው የተሠራው በገመድና በሰው ምስክርነት ነው። ገበሬው የመረጠው ኮሚቴ ማሳ ለማሳ ዞረ። አዋሳኙ ቆሞ «የእኔ እስከዚህ ነው» አለ። በመጨረሻ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ። ያ ደብተር ዛሬም በየቤቱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ለብዙ የገጠር ሴት ስሟም ፎቶዋም ከባሏ ጎን የሰፈረበት ሰነድ ነው። ያን ጊዜ ቴክኖሎጂው ገመድና ወረቀት ብቻ ነበር። ሥራው ግን ሰውን ይዞ ስለተሠራ ሰው አመነው።

ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ መጣ። ማሳው ከላይ በተነሳ ምስል ላይ ይለያል፣ የራሱ መለያ ቁጥርና ካርታ ይወጣለታል፣ መረጃው በብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ይገባል። ውርስ ሲተላለፍ፣ ስጦታ ሲሰጥ፣ መሬት ሲከራይ ለውጡ እዚያው ይመዘገባል። ገበሬው በመጠቀም መብቱ ብድር ሊወስድበት ይችላል። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ድንበር እየተገፋ ስንት ቤተሰብ እንደተበጣበጠ የሚያውቅ ሰው የዚህን ካርታ ዋጋ ያውቃል።

ታዲያ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ የሚታየው ምንድን ነው? አንድ አባት ቆመዋል። ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። የሟች ወንድማቸውን መሬት ለልጆቹ ለማዞር ነው የመጡት። የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማስረጃ ይዘዋል፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ይዘዋል፣ ደብተሩንም ይዘዋል። ልጅቷ ከውስጥ ሆና፦

«አባቴ፣ ሲስተም የለም። ሰኞ ይምጡ።»

«ሰኞስ ይኖር ይሆን ልጄ?»

«እሱን እኛም አናውቅም።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ክፉም አይደለችም። ኔትወርኩን እሷ አላጠፋችውም። ግን እኒህ ሰው ሲመለሱ የመጡበት ቀን የትም አልተጻፈም። ስልካቸውን የጠየቃቸው የለም። ወረቀታቸውን ተቀብሎ፣ አገላብጦ «አባቴ፣ ይቺ አንዷ ጎድላለች፣ እስከዚያ ያሟሏት» ያላቸው የለም። ሲስተሙ ሲመለስ የሚደውልላቸው የለም። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነበር። ሰኞ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ የመጀመሪያ ቀናቸው እንደሆነ ሁሉ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማሉ።

የሚብሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰው ሲሰለቸው ይተወዋል። ውርሱን በሽማግሌ ይጨርሳል፣ መሬቱን በቃል ያከራያል። መዝገቡ የሟች ስም እንደያዘ ይቀራል። ይህ በአንድ ቀበሌ አሥር ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ካርታ መሬቱ ላይ ካለው እውነት እየራቀ ይሄዳል። ነገ ክርክር ሲነሳ ዳኛው የትኛውን ይመን? ኮምፒውተሩን ወይስ ሽማግሌውን?

ይህ ስህተት አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ይሰራጫል። መምህሩ ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ዳር ይቆማል። ተማሪው ባይገባው ማስቆም አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አለቀ ማለት ነው። ያስተማሩን መምህራን ስንት ጊዜ ተናገሩ! ተመዝግቦ ይሰጠኝና እኔ ሲያስፈልገኝ ልክፈተው የሚለውን ቀላል ጥያቄ የሚሰማ ቢኖር፣ በየክፍሉ አቧራ ለብሶ የተሰቀለ ስክሪን ባላየን ነበር። የአየር ሰዓቱን ማን ወሰነ? ከክፍሉ ርቆ የተቀመጠ ሰው። ትምህርቱ ሲቀር ማን ተጎዳ? የቢቸናና የሞጣ ተማሪ።

ወደ ጤናው እንምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታብሌት ተሰጥቷቸዋል። ነፍሰ ጡሯን፣ የሕፃኑን ክትባት፣ የቤተሰቡን ሁኔታ እዚያ ይመዘግባሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ የክትባት ቀኑ ያለፈበትን ሕፃን ከወረቀት ክምር መሀል ከመፈለግ ያድናል። ነገር ግን ብዙ ቦታ የየቤተሰቡ መረጃ የሚቀመጥበት የወረቀት ፎልደሩም፣ መዝገቡም አልቀረም። ሠራተኛዋ ቀን ቤት ለቤት ስትዞር በወረቀት የጻፈችውን ማታ በታብሌት ትደግመዋለች። ታብሌቱ ቻርጅ ከሌለው ደግሞ ያድርና በነጋታው የሁለት ቀን ይሆናል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የምትጠየቀው እሷ ናት። ቴክኖሎጂ የገባው ሥራዋን ሊያቀልላት ነበር፣ ሌላ ሥራ ጨመረባት። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ቀርቷል» ብሎ ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ድረስ እንዲሁ ትቀጥላለች።

ከላይ ለመሬቱ ቢሮ ደብተር ያዙ ብዬ እዚህ ወረቀት ተዉ ማለቴ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። አይጋጭም። የመሬቱ ደብተር የሚያገለግለው ሲስተም በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሲስተሙ ሲመለስ ወደ ውስጥ ይገባና ይዘጋል። የጤናዋ ሠራተኛ ወረቀት ግን የዘወትር ነው። ለመጠባበቂያ የሚያዝ ነገር አለ፣ ከፍርሃት የሚያዝ ነገር አለ። የኛ መሥሪያ ቤቶች መጠባበቂያ በሚያስፈልግበት ቦታ ምንም የላቸውም፣ በማያስፈልግበት ደግሞ ሁለት ሦስት ቅጂ ያከማቻሉ።

ፊርማና ማህተምም እንደዚሁ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ወጥቷል። ሕጉ መንገዱን ከከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቢሮው ግን በቴሌግራም የደረሰውን ደብዳቤ አትሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፋይል አድርጎ፣ «ማህተም ያለበትን ዋናውን አምጣ» ይላል። ዋናውን ለማምጣት ከደጀን ባሕር ዳር የሚሳፈረው ባለጉዳዩ ነው። የትራንስፖርቱን ቢሮው ቢከፍል ኖሮ ሕጉን በማግስቱ ያነበው ነበር።

እዚህ ላይ ኃላፊዎች የሚያነሱትን ማለፍ አልፈልግም። «መብራት በእኛ እጅ አይደለም፣ ኔትወርክም በእኛ እጅ አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው እኛው ነን። ከመንገዱ መዘጋት ጋር ተደምሮ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሥራ ሁሉ ተንገዳገደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላት እናት ሁሉም ተጎዱ። የማቋረጡን ውሳኔ የሚወስነው አካል ዋጋውን ስለማይከፍል፣ ውሳኔው እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ኢንተርኔት መንገድና ውኃ በሆነበት ዘመን የአንድን ሕዝብ መስመር በጅምላ መዝጋት ትክክል አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ግን ያ ጊዜ ለተቋማትም ትምህርት መሆን ነበረበት። መደወል በሚቻልበት ቦታ በአጭር ቁጥርና በመልእክት የሚሠራው ነገር ቀጥሎ ነበር። የቆመው በኢንተርኔት ብቻ እንዲሠራ የተደረገው ነው። ከዚህ አንጻር የ8028ን አገልግሎት ሁልጊዜ አደንቃለሁ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረ የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ ስለ ተባይ በአማርኛ ይሰማል። ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ማንበብም አይፈልግም። ያሰቡት ሰዎች የጀመሩት ገበሬው እጅ ላይ ካለው ስልክ ነው። ዛሬ ግን አንዳንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን በቴሌግራም ቻናል ይለጥፍና «አሳውቀናል» ይላል። የሰከላ ገበሬ የትኛውን ቻናል ይከተል?

ታዲያ ዋጋውን እንዴት ነው ወደ ተቋሙ የምንመልሰው? ትልቅ ነገር አይደለም የምጠይቀው። «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይመዝገብ። ስሙ፣ ስልኩ፣ ጉዳዩ፣ ቀኑ። ቁጥር ይሰጠው፣ ሲመለስ ከፊት ይስተናገድ። በወሩ መጨረሻ ስንት ሰው በባዶ እጁ እንደተመለሰ በግልጽ ይለጠፍ፣ በወረዳው ምክር ቤትም ይነበብ። የኃላፊው የሥራ አፈጻጸም ሲለካ ስንት ኮምፒውተር ገባ የሚለው ቀርቶ ይህ ቁጥር ይታይ። አንድ ኃላፊ በየወሩ ስሙ ተጠርቶ «ይህን ያህል ሰው መልሰሃል» ከተባለ፣ የተቃጠለችውን ራውተር ለማስቀየር ዓመት አይጠብቅም። የባጃጅ ሾፌሩ ያደረገውን ያደርጋል፦ ያልገባውን ነገር የገባውን ሰው ይጠይቃል።

የገባው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉን። በየዓመቱ ኮምፒውተር ተምረው የሚመረቁና ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች አሉን። ከእነሱ ጥቂቶቹ በየወረዳው ተመድበው የሚጠግኑ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዙ፣ ሠራተኛውን ከጎኑ ተቀምጠው የሚያሳዩ ቢሆኑ፣ በሆቴል አዳራሽ ከሚሰጥ ሥልጠና ይልቅ የሚጠቅሙ ይመስለኛል። ሰው አሠራር የሚማረው ባለጉዳይ ፊቱ ቆሞ ሳለ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የወረዳ ምክር ቤት አባላት እቅድ ሲቀርብላቸው «ኮምፒውተር ግዢ» የሚለውን መስመር አይተው እጅ ከማውጣታቸው በፊት ቀጥሎ ያለውን ይጠይቁ። የጥገና ሠራተኛው ደመወዝ የት አለ? የባትሪው፣ የሶላሩ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ የት አለ? ባለፈው ዓመት የተገዛው ስንቱ ይሠራል? መልሱ ካልቀረበ ግዢውን ይዘው ያቆዩት፤ ያው ገንዘብ መጀመሪያ የተበላሸውን ያስጠግን።