ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝኛ ፈሊጥ

ለተከበሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጠረጴዛን ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ። የፋሲካ ሌሊት ሰው "ክርስቶስ ተንሥአ" ሲል እኔ አንሶላ እቀይር ነበር። ምስጋናው ለእርስዎ ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ለፋሲካ ኦፍ ስጠይቅ ፎርሙን ከዴድላይኑ ሦስት ሳምንት ቀድሜ አስገባሁ። (ዴድላይን እ.ኤ.አ. በ1864 ጆርጂያ በሚገኘው የአንደርሰንቪል እስር ቤት እስረኛ ካለፈው በጥይት የሚመታበት መስመር ነበር። ለፎርም የሚመጥን ስም ነው።) ሱፐርቫይዘሯ አነበበችና ፈገግ ብላ "ሌትስ ቴብል ኢት" አለችኝ። አገር ቤት የተማርኩት የእንግሊዞቹን እንግሊዝኛ ነው። በእነሱ ቤት ጉዳይን "ቴብል ማድረግ"፣ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ ለውይይት ማቅረብ ነው። ደስ አለኝ። ዶሮ ገዛሁ።

በስብሰባው ቀን ስምንት ኮፒ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ በየሰው ፊት አንዳንድ አስቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሁሉም ጸጥ አለ። ሱፐርቫይዘሯ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንስታ "ሃኒ፣ ይሄን እኮ ቴብል አድርገነዋል" አለች። ከዚያ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው፣ ቃል በቃል፣ በእጇ ጭምር አስረዳችኝ። አሜሪካ ውስጥ ቴብል ማድረግ ወደ ጎን መተው ነው። አንዱ ሳቁን በቡና ኩባያው ጋረደ። ስምንቱን ኮፒ አንድ በአንድ ለቅሜ ወጣሁ።

ማታ ስለ እርስዎ አነበብኩ። ለካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችና አሜሪካኖች በዚችው ቃል ተጨቃጭቀዋል። የያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ራሱ ጽፎታል። እንግሊዞቹ "አሁኑኑ እንወያይበት" ሲሉ አሜሪካኖቹ "እንተወው" ያሉ መስሏቸው እምቢ አሉ። የፈለጉት አንድ ነገር ነበር! የቋንቋው ባለቤቶች ካልተግባቡ እኔ ምን ዕዳዬ ነው?

የቆየ ቂምም አለኝ። ለፈተና ስገባ "እግርሽን ስበሪ" ያለችኝን ልጅ ለአንድ ወር ዘግቻታለሁ፤ ለካ በእርስዎ ቤት "ይቅናሽ" ማለት ነው። እኛም "እግሬ አውጪኝ" እንላለን፣ አልክድም። ግን እኛ እግራችንን እንለምናለን፣ እርስዎ ይሰብራሉ። ከባድ ዝናብ ሲሉ ድመትና ውሻ ማዝነብዎንም አልረሳሁም። ከሳር ጣሪያ እየተንሸራተቱ ወድቀው ነው የሚባለው ወሬ ውሸት መሆኑን ደርሼበታለሁ።

ያመመኝ ግን ቃሉን አለማወቄ አይደለም። ስድስት ዓመት የሰው እናት አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ። በሌላው የገና በዓል ሠርቻለሁ። በዓመት አንዲት ሌሊት ነው የጠየቅሁት። "አልፈቅድም" ማለት አፍ ያቆስላል? ያኔውኑ ብትለኝ ተናድጄ እተወው ነበር። በእርስዎ ተጋረደችና ፈገግ አለች። እኔም አመሰገንኳት። አመሰገንኳት እኮ!

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ዶሮው ላይ ላልጠበቁኝ ቤተሰቦቼ