ለዓይን የሚዘፍን ሙዚቃ

የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻን በባለ ቀለም ስክሪን ያስጌጡልንን ሰዎች ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ትናንት በእግሬ ስጓዝ የማልወደው ዘፈን ጀመረና ልቀይረው ማጫወቻውን ከኪሴ ባወጣው፣ ፀሐይ ያረፈበት ስክሪን መስታወት ሆኖ የገዛ ፊቴን አሳየኝ። ኮቴን አናቴ ላይ ተከናንቤ፣ መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ ዝርዝሩን ሳማትር ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ተዘፍኖ አለቀ። የድሮው ግራጫ ስክሪን ለዚህ ዓይነቱ ክብር አልበቃም ነበር፤ ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ጽሑፉ ይበልጥ ይነበብ ነበር። ኋላ ቀርነት እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኪስ ካሴት ማጫወቻ፣ ዎክማን፣ ጭራሹን ስክሪን አልነበረውም። የዚያ ዘመን ሰዎች የሚሰሙትን ዘፈን በምን ይለዩት እንደነበር ሳስብ ይደንቀኛል፤ ምናልባት በጆሯቸው ይሆናል። በ2001 የመጣው የአፕል ኩባንያ ማጫወቻ፣ የመጀመሪያው አይፖድም፣ አንድ ሺህ ዘፈን ይዞ በጥቁርና ነጭ ይታይ ነበር። በ2004 ግን ባለ ቀለሙ አይፖድ ፎቶ ማሳየት ጀመረና ጆሮ ከብቸኝነት ዳነ።

ፎቶ ካልን፣ የሠርግ ፎቶውን በማጫወቻው ይዞ የሚዞረውን ወዳጃችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2005 የወጣው የትንሹ አይፖድ፣ የናኖ፣ ስክሪን 1.5 ኢንች ሲሆን፣ በአግድም 176፣ በቁመት 132፣ ሲባዙ 23,232 የምስል ነጥቦች አሉት። በፎቶው ላይ 120 ሰው ተሰልፏል እንበል፤ ሰማዩንና ሣሩን ብንሰርዝ እንኳ ለአንድ ሰው 193 ነጥብ ይደርሰዋል። ወዳጃችን በጥፍሩ ጫፍ እየጠቆመ «ይህች አክስቴ ናት» ይላል፤ ጥፍሩ ግን አክስቱን፣ ባሏንና ሦስት ልጆቻቸውን ሸፍኗል። ሙሽራይቱን ፍለጋ ነጭ ነገር ስናሳድድ አንዴ ኬኩን፣ አንዴ የጠረጴዛውን ጨርቅ እንኳን ደስ ያለሽ ብለናል። ሙሽራው እስካሁን አልተገኘም። ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ማጫወቻው ውስጥ ዘፈን እየተዘፈነ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም።

የአልበም ሽፋን በቀለም ካላየሁ ዜማው አይገባኝም የሚለውንም አልረሳሁትም። ስለ ድምፁ ጥራት ስትጠይቁት ስለ ቀለማቱ ብዛት የሚመልስላችሁ ሻጭም ምስጋናው ይድረሰው።

አሁን ግን ሽሙጡን ልተወው፤ ከልቤ ያናድደኛል። ከማጫወቻው ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው የጆሮ ማዳመጫ ቆርቆሮ የሚመታ ያህል ይንቃጨላል፤ ድምፅ በመስታወት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ስለማይታይ ገንዘቡ ሁሉ ለሚታየው ዋለ። በኪስ ውስጥ በጣት ዳብሰን እንጫነው የነበረውን ቁልፍ አንስተው ስክሪኑ ላይ ሣሉት። ማየት የተሳነው ሰው፣ ሙዚቃን ከማንም በላይ በጆሮው የሚያውቀው ሰው፣ ለስላሳ መስታወት ተሰጥቶት ምን ያድርግ? ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ትናንት ከኮቴ ሥር እንደ ተከናነብኩ፣ በመጨረሻ የምወደውን ዘፈን አገኘሁትና ነካሁት። ስክሪኑ በራ፣ የአልበሙ ሽፋን በሙሉ ውበቱ ወጣ፣ ቀጥሎም አንዲት ባዶ የባትሪ ምልክት ብቅ አለችና ሁሉም ጠፋ። ምልክቷ ቀይ ነበረች። በግራጫው ዘመን ቢሆን ኖሮ ይህን ሳላውቅ እቀር ነበር።