ጣፋጭ ስለሆነ አይበላሽም? ልክ አይደለም

«ስኳር ስላለው አይበላሽም፤ የጣፋጭ ጠረጴዛውን ከጠዋት ደርድሩት» የሚለው ምክር መታረም አለበት። ስኳር ምግብ የሚያቆየው እንደ ማርማላታ በጣም ሲበዛ ነው። ክሬም፣ ኩስታርድ (በወተትና በእንቁላል የሚሠራ ወፍራም ጣፋጭ) እና ቺዝኬክ ግን ብዙ እርጥበት አላቸው። ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ! ሽታውም ጣዕሙም ሳይቀየር ሊያሳምም ይችላል። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ካሉ።

ውበቱ አይቀርባችሁም። ጨርቁን፣ አበባውንና ከፍና ዝቅ ያሉትን ማስቀመጫዎች ቀድማችሁ አዘጋጁ። ደረቅ ብስኩትና ከረሜላም ቀድሞ ቢወጣ ችግር የለውም። ክሬም ያለውን እንግዶች ሲገቡ በትንሽ በትንሹ አውጡ። ሲያልቅ ሳህኑን ቀይሩ እንጂ በቀረው ላይ አትጨምሩ።