የጣርማበር ጻድቃን

የሰሜን ሸዋን ሰው በብርዱ፣ በባናውና በአረቄው የሚያነሳው ብዙ ነው። ለእግዜር ያለውን ይሉኝታ ግን ያመሰገነለት አላየሁም። እኔ ላመስግን።

ይሉኝታ ስል ቀልዴን አይደለም። ሥራ የሚበዛበትን ትልቅ ሰው ያለ ጉዳይ ደጁን አያንኳኩም። እኛም ደህና ስንሆን እግዜር ደጅ ድርሽ አንልም። ልጁ ጤነኛ ነው። ደሞዝ ገብቷል። ገብሱን ውርጭ አልመታውም። ታዲያ ምን ብለን እንሂድ? "ምን ፈልገህ መጣህ?" ቢለን "ኧረ ምንም፣ እንዲያው ናፍቀኸኝ ነው" ልንል ነው? ያሳፍራል። ሥራ ማስፈታት ነው።

ይህን ጨዋነት በዓይኔ ያየሁት ጣርማበር ላይ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሸዋ ሮቢት የዘመድ ሠርግ ነበረብኝ። ከደብረ ብርሃን በአባዱላ ተነሳን። እስከ ጣርማበር ድረስ መኪናው ውስጥ እግዜርን ያስቸገረ አልነበረም። ዘፈኑ ጣሪያ ነክቷል። ከኋላ ሁለት ልጆች፣ አንዱ አርሰናል አንዱ ማንቼ፣ ለመደባደብ ትንሽ ነው የቀራቸው። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ስለ አንድ ቄስና ስለ አንዲት ጠላ ሻጭ ቀልድ ይነግረናል (አይጻፍም፤ ግን ያስቃል)። አንዲት ሴትዮ በስልክ የበግ ዋጋ ትከራከራለች።

ሥርዓት ያጎደሉት አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ብቻ ናቸው። ገና መናኸሪያ ቆመን፣ ሞተር እንኳ ሳይነሳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ረዳቱ "እማማ፣ ገና ሳንነሳ ነው እንዴ?" አላቸው። እውነቱን ነው። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ጨርሰው አማተቡና ትከሻዬ ላይ ለጥ አሉ።

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን ተራራውን በስቶ የሠራውን ዋሻ አልፈህ ብቅ ስትል ከፊትህ ያለው ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ነው። አየሩ ጥሩ ከሆነ ገደሉ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። የዚያን ቀን ገደሉም አልታየ። ጉም ዋጠን። ሹፌሩ መስታወቱን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ እጁን ሰደድ አድርጎ ዘፈኑን ዘጋው። ሹፌር ማንም ሳይለምነው ዘፈን ከዘጋ ነገር አለ ማለት ነው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሲኖትራክ ክላክሱን እየነፋ ብቅ አለ። መኪናችን ወደ ገደሉ ተጠማዘዘች። ከጎማው ሥር ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ።

ያኔ ነው የሕዝቤን እምነት ያየሁት። "እማምላክ!" የሚለው ጩኸት ከአሥራ ምናምን አፍ በአንዴ ወጣ። የአርሰናሉ ልጅ ሚካኤልን፣ የማንቼው ገብርኤልን ጠራ፤ እዚህም አልተስማሙም። ባለ ቀልዱ ሰውዬ "ንስሐ እገባለሁ፣ ንስሐ እገባለሁ" ይላል፤ ቃል የሚገባው ለሹፌሩ ይመስል ወደሱ ዞሮ ነው። ባለ በጓ ሴትዮ ስትከራከርበት የቆየችውን በግ እዚያው ለጊዮርጊስ ሰጠች፤ ዋጋም አላነሳች። እኔ ደግሞ ለጻድቃኔ ማርያም ወርቀ ዘቦ ጥላ ተሳልኩ። ጮክ ብዬ። ወርቀ ዘቦ ጥላ ስንት እንደሚሸጥ ሳላውቅ።

እማማ እንደተኙ ናቸው። ሰው በዚህ ሰዓት ይተኛል? ምን ያህል እምነት ቢጎድላቸው ነው አልኩ በሆዴ።

ደረስን። ደብረ ሲና ጉም የለም፤ ፀሐይ ወጥታለች። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። አሁን ፍጥነታችንን ተመልከቱ። ከ"እማምላክ!" እስከ "ይሄኛው ስንት ነው?" ድረስ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሹፌሩ ዘፈኑን ከቆመበት ስንኝ ላይ ቀጠለው። አርሰናልና ማንቼ ወደ ጦር ሜዳቸው ተመለሱ። ሰውዬው ቀልዱ የት ጋ እንደቆመ ጠየቀን፤ ነገርነው፤ ጨረሰው፤ ሳቅን። አቤት ጨዋነት! ውለታ እያነሳሱ ባለውለታን ማሸማቀቅ ምን ይባላል?

እማማ ነቁ። "ደረስን? ተመስገን" አሉና አማተቡ። እዚህ ላይ ቢያበቁ ምናለ? ቆሎ ሻጩ ላስቲኩን ፊታቸው ላይ እየነቀነቀ፣ እሳቸው እንደገና ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ያዙ። ችግሩ አልፏል እኮ! ፋይሉ ተዘግቷል!

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ይነጻሉ። ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ነው፤ እሱም ሳምራዊ፣ የሰው አገር ሰው። ጌታም ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ይጠይቃል። እኔ አውቃለሁ። ደብረ ሲና ቆሎ እየገዙ ነው።

ወደ ስለቴ ልመለስ። ቁልቁለቱ ላይ የተሳልኩት ወርቀ ዘቦ ጥላ ነበር። ደብረ ሲና ላይ "ወርቀ ዘቦ ብዬ ነበር ወይስ ጥላ ብቻ?" የሚል ጥያቄ መጣብኝ። አርማኒያን ስናልፍ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ቆላ ሲወርዱ ሰው ይረጋጋል፤ ጥላው መጋረጃ ሆነ። ሠርጉ ላይ ሁለተኛው ጠላ ሲቀዳልኝ መጋረጃው አንድ ፓኬት ሻማ ሆነ። ደብረ ብርሃን ስመለስ "እግዜር የሚያየው ልብን ነው" የሚለው ትዝ አለኝ። ልብ ደግሞ አለኝ፤ የትም አልሄደ። እንዲህ ያለ ቅናሽ የትኛው ሱቅ ይገኛል? በዚያ ላይ የሚከራከርህ የለም።

ጻድቃኔን የማያውቅ ካለ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል ናት። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ለጠበልና ለሱባኤ ይጎርፍባታል። ችግሩ መንገዱን የለመድነው ታመን ነው። ድነን ለምስጋና እንመለስ ስንል የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ይጠፋናል።

ይሄ ችሎታ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንዝ ላይ በልግ ሲቀር ምህላ ይያዛል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀበሌው ሰው ሳይቀር ወጥቶ "እግዚኦ"ውን 41 ጊዜ ያደርሳል። አንድ እንዳይጎድል በጣቱ የሚቆጥር አለ። ዝናቡ ይመጣል። ምስጋናውስ? ሰው እርሻ ላይ ነዋ! ቀጥሎ አረም አለ። ቀጥሎ አጨዳ። ቀጥሎ ጠላው ይደርሳል። የፈተና ሰሞን ደግሞ ግቢው በተማሪ ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ ደብተሩን ያልነካ ልጅ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይስማል።

ደብረ ብርሃን ራሷ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ስላሠሩባት ነው። አስቡት፤ ለአንድ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን! ያኔ ሰው ጊዜ ነበረው። ዛሬ እዚያችው ከተማ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ "ወይ አምላኬ!" ይላል። ሲመጣ "መጣ!" ይልና ስልኩን ይሰካል። ደግሞም ልክ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር እንደ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን እንሥራ ብንል ገብስ የሚዘራበት መሬት አይተርፍም።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ የእማማን ዘንቢል ተቀበልኳቸው።

"መቼ ነው የምትሄደው ልጄ?" አሉኝ።

"የት እማማ?"

"ጻድቃኔ ነዋ። ጥላውን ልታስገባ።"

"ተኝተው አልነበር እንዴ?"

"አንተ ጆሮዬ ላይ እየጮህክ?"

ሳቁብኝ። እሳቸው ሲችሉ ወር በገባ በ21 ከዚያ አይቀሩም። ምን ገጥሟቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ምን ይገጥመኛል፣ ደህና ነኝ" አሉ። እንግዲያው አብረን እንሄዳለን አሉና ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ቆሎው የነበረበትን ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩላቸው። ትክክለኛውን ቁጥር ነው የሰጠኋቸው፤ ይሄ ይመዝገብልኝ።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በ20 ማታ ስልኬ ባትሪ ይጨርሳል።