ስድብ በደም ሥር ይሰጥ

ጨዋነት ከሀገር ጠፋ የሚሉ ሰዎች የነርሶች ቴሌግራም ግሩፕ ገብተው አያውቁም። እኔ ገብቻለሁ። ሀዋሳ ተቀጥሮ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ገብቷል። የቅጥር ደብዳቤው ማኅተም ሳይደርቅ ሊንኩ ይደርሰዋል። እዚያ ያየሁትን መከባበር ሌላ ቦታ አላየሁም። ሰው እንዲህ ተከብሮ፣ እንዲህ ተመርቆ፣ እንዲህ "ውዴ" ተብሎ ሲሰደብ የት ታያላችሁ?

በቀደም የሆነውን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ጀማሪ ነርስ ዲዩቲ ላይ፣ ማለትም ተረኛ ናት። ዋርዱን፣ የተኝቶ ታካሚዎቹን ክፍል፣ የያዘችው ብቻዋን ነው። ለአንድ ታካሚ ፖታሲየም ክሎራይድ ታዟል። "ሰላም ውድ ሲኒየሮቼ፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኳችሁ ይቅርታ። በስንት ዳይሉት ላድርገው (ልበርዘው)? በምን ያህል ፍጥነትስ ይግባ?" ብላ ጻፈች። ነርስ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ይህ መድኃኒት ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። እንግዲህ ልጅቷ ይህንን ፈርታ፣ ከመስጠቷ በፊት ጠየቀች። ድፍረቷን ተመልከቱልኝ!

ምላሹ አልዘገየም። ግሩፓችን ሌሊት አይተኛም። የመጀመሪያው ጨዋ "ውድ እህቴ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የት ኮሌጅ ነው የተማርሽው?" አላት። ሁለተኛዋ "ቅር እንዳይልሽ የኔ ቆንጆ፣ ግን ይህንን ሳታውቂ ላይሰንስ ማን ሰጠሽ?" አለቻት። ሌላው ቃል አላባከነም፤ እንባው እስኪፈስ የሚስቀውን ፊት ደርድሮ አለፈ። አንድ የተከበሩ ሲኒየር ደግሞ "የዘንድሮ ልጆች! እኛ በእናንተ ዕድሜ…" ብለው ጀመሩና ዋርድ ይመሩ የነበረበትን ዘመን ተረኩልን። ትረካው ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ "እግዚአብሔር ይርዳሽ ልጄ" የሚል ምርቃትና የተጋጠሙ ሁለት እጆች አሉበት። ስለ ፖታሲየሙ ግን አንድም ቃል የለም። ሞቅ ባለ ጨዋታ መሀል መድኃኒት መጥራት ነውር ነዋ።

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲገፈፍ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን በሥርዓት ይቆማሉ። ረጃጅም፣ ራሰ በራ፣ ካባ የደረቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አንጀቱ መሬት እስኪነካ ድረስ ነው ታዲያ።

የነርስ ትምህርት ተረስቷል የሚለውን ሐሜት አልቀበልም። ገና ትምህርት ስንጀምር የምንሸመድዳቸው አምስት ነገሮች አሉ። መድኃኒት ስትሰጪ ታካሚው ትክክለኛው ይሁን፣ መድኃኒቱ ትክክለኛው ይሁን፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱም እንደዚያው። ዋርድ ውስጥ በሥራ ብዛት አንዱ ይዘለል ይሆናል። ግሩፕ ውስጥ ግን አንድም ተዘሎ አያውቅም። ሰውየውን እንውሰድ። ስድቡ ሁልጊዜ ለጀማሪ ነው የሚታዘዘው። ለሜዲካል ዳይሬክተር ተሰጥቶ አያውቅም፣ ለእሱ ክልክል ነው። መጠኑስ? እስኪሠራ ይደጋገማል። መሥራቱ የሚታወቀው ልጅቷ ከግሩፑ ስትወጣ ነው። በኢንቦክስ መላክ አይመከርም፣ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁሉ እያየ መሆን አለበት፤ ያኔ በደም ሥር እንደተሰጠ ይቆጠራል። ሰዓቱን አይታችኋል፤ ሌሊት፣ ብቻዋን ሆና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ደግሞ ከመውጋት በፊት ቆዳውን በአልኮል መጥረግ የሚረሳ የለም። "ከይቅርታ ጋር" የሚባለው ለዚህ ነው።

ምዝገባም አለ። "ያልተመዘገበ አልተሠራም" ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ ስክሪንሾት ይነሳና ወደ ሌላ ግሩፕ ይላካል። ከዚያ ወደ ሌላ። ጠዋት ሃንድኦቨር (የፈረቃ ርክክብ) ላይ ታካሚው እንዴት እንዳደረ ከመሰማቱ በፊት ጥያቄዋ ሀዋሳ ውስጥ ከአቶቴ ሰፈር እስከ ፒያሳ ተሰምቷል።

የኮሌጁ ጥያቄ በተለይ ያኮራኛል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የግል ኮሌጅ የተማረውን ይጠይቃል። የግል ኮሌጅ ዲግሪ ያለው ዲፕሎማ ያለውን ይጠይቃል። ዲፕሎማ ያለው የሚጠይቀው ሲያጣ አዋላጆችን ይጠይቃል። ሁላችንም ደም ሥር ውስጥ የምንተክለው ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላው፣ ያው አንድ ዓይነት ነው። ይህ ግን ዝርዝር ጉዳይ ነው። ልዕልት ፀሐይ ዛሬ ግሩፓችን ውስጥ ብትኖር ብዬ አስባለሁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና ሳለ፣ በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመርቃለች። ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ አረፈች። አንድ ነገር ብትጠይቀን ኖሮ መልሳችን የታወቀ ነው። "ልዕልት፣ በአክብሮት፣ ያ የለንደኑ ኮሌጅ እውቅና አለው?"

ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ብትሆን አታመልጠንም። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን እየዞረች ታይ ነበር። እኛ ጋ ብትሆን "እህቴ፣ ይህ የሥራ መዘርዝርሽ ላይ አለ? ነገ እኛም ዙሩ ልንባል ነው እኮ" ትባላለች። ልደቷ ግንቦት 4 ቀን ነው፣ የዓለም ነርሶች ቀንም የሚከበረው ያን ዕለት ነው። ያን ቀን ግሩፓችንን ብታዩት! ሻማ በሻማ ይሆናል። "ነርስነት ፍቅር ነው" ይባላል። ጀማሪዎቹ ሳይቀሩ "የነገ ተስፋዎቻችን" ይባላሉ። ግንቦት 5 ቀን አንዷ ተስፋ ስለ ኢንሱሊን ትጠይቃለች።

የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ ፍቼ ጫምባላላንም እናከብራለን። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። የተጣላ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። እኛም "አይዴ ጫምባላላ" ተባብለን እንሻገራለን። ማን ከማን እንደተጣላ ግን አይነሳም። ስድባችን በአክብሮት ስለሆነ ጠብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ እርቅም አያስፈልገውም። እዚሁ በቅርባችን ያሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጓቸው ላይ ሲቀመጡ አፊኒ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ነገሩ ሳይሰማና ሳይጣራ ፍርድ የለም። ተናጋሪው እስኪጨርስ ይሰማል። እንዴት ያለ የጊዜ ብክነት ነው! እኛ ልጅቷ "በስንት" ብላ ሳትጨርስ ፈርደን ጨርሰናል።

ደስ የሚል ወሬም አናሳልፍም። ሰሞኑን አንዱ ልጅ አንዲት አስታማሚ እናት ጉንጩን ስመው እንደመረቁት ጻፈ። ልጃቸው ድኖ ሊወጣ ነው። ደስ ብሎታል። እንዲህ ያለ ነገር እየታየ ዝም አይባልም። "ቆይ ትንሽ ሥራና እናያለን" አለው አንዱ። "ምርቃቱን ለአከራይህ ስጠው፣ ኪራይ ይያዝልሃል" አለች ሌላዋ። ይህችኛዋ እንኳን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቃኛለች። የነርስ ደመወዝ ይዞ ሀዋሳ ላይ ቤት የተከራየ ያውቀዋል። የደመወዙ ነገር እውነተኛ ቁስል ነው፣ እሱ ላይ አልቀልድም። ልጁ ግን ስለ ደመወዝ አልነበረም የጻፈው። ጽሑፉን ወዲያው አጠፋው። አሁን ግሩፑ ላይ የሚለጥፈው የትርፍ ስልክ ሽያጭ ነው፣ በሰላም ይኖራል።

እንዲህ ያለ ጀግና ስብስብ ለመብቱ ሲነሳ ምን ሊመስል ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አሳምሮ ነው የሚነሳው። አንዴ ጓንት አልቆ፣ የዲዩቲ ክፍያም ዘግይቶ፣ ለአለቆች ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ሐሳቡ በጭብጨባ አለፈ። ደብዳቤውም ተጻፈ። "እንግዲህ ስማችሁንና ፊርማችሁን" የተባለ ዕለት ያ ሌሊት የማይተኛ ግሩፕ እንቅልፍ ወሰደው። የአንዱ ኔትወርክ ጠፋ። የአንዷ ስልክ ውኃ ውስጥ ገባ። ያ ድሮ ዋርድ ይመሩ የነበሩት ሲኒየር "ነገሩን በትዕግሥት ብናየው" የሚል ምክር ሰጡ። ለአለቃ ሲሆን ትዕግሥት እንዳለን ያወቅኩት ያኔ ነው። መቼስ ድፍረት ውድ ነገር ነው፣ ተቆጥቦ ለጀማሪ ይቀመጣል።

ፈረንጆቹ ይህን ባህላችንን የራሳቸው ሊያደርጉት ይሞክራሉ። ገና በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጁዲት ማይስነር የተባለች የነርሲንግ መምህርት "ልጆቻችንን እየበላን ነው ወይ?" ብላ ጽፋ ነበር። እሷ እንኳን የበላተኛውን ጨዋነት አላነሳችም። እነሱ ዝም ብለው ነው የሚበሉት፣ እኛ "ከይቅርታ ጋር" ብለን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎችን በ24 ቡድን ከፍለው አንድ ሙከራ አደረጉ። የታመመ ጨቅላ በአሻንጉሊት አስመስለው አቀረቡላቸው። ለአንዳንዶቹ ቡድኖች ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው በመሀል ቃል ወረወረላቸው፣ ንቀት ያለበት ቃል። ለሌሎቹ ንቀት የሌለበት ተራ ነገር ተናገረ። የተናቁት ቡድኖች ሕመሙን በመለየትም፣ በእጅ ሥራም ወደ ኋላ ቀሩ። መረጃ መለዋወጥና ከጓደኛ እርዳታ መጠየቅ ቀንሰው ተገኙ። ልብ በሉ፣ ንቀቱ ተራ ንቀት ነበር። ምርቃት የለበት፣ የተጋጠመ እጅ የለበት። እኛ ጋ እንዳለው ተሠርቶ ቢሰጣቸው ምን ይሆኑ ነበር?

ስለ ልጅቷ ታሪክ ቀረኝ። መልሱን ያገኘችው ከእኛ አይደለም። ሲመራት ግሩፑን ዘጋችና ፋርማሲ ደወለች። ዲዩቲ የነበረው ፋርማሲስት የእኛ ግሩፕ አባል አይደለም፣ ስለዚህ የመከባበር ወጉን አያውቅም። ኮሌጇን አልጠየቃት። ዘሎ መልሱን ነገራት። በክንድ ደም ሥር ከሆነ በተለምዶ በ1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ40 ሚሊኢኩቫለንት (የመድኃኒቱ መለኪያ ነው) አይበልጥ፣ በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት አይበልጥ፣ ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ፣ በቀጥታ ፈጽሞ አይገፋ፣ ታካሚው ሽንት መሽናቱን አረጋግጪ፣ ከተጠራጠርሽ ያዘዘውን ሐኪም ቀስቅሺው አላት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ "ውዴ" የለም። ደረቅ ሰው ነው።

ታካሚው ደህና አደረ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ምንም ጠይቃ አታውቅም። ሌሎቹም ጀማሪዎች አይጠይቁም። ከእሷ አይተው ተምረዋል። ሲኒየሮቻችን ይህንን እንደ ትልቅ ድል ያዩታል። "አሁን ልጆቹ በስለዋል፣ ጥያቄ የለም" ይላሉ። ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ፖታሲየም ክሎራይድ ላይ ይሠራ እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። የሙያ ፈቃዳችንን ለማሳደስ ሲፒዲ የሚባለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ስልጠና ያስፈልገናል። ስልጠናው ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል፣ ፈረቃ ይያዛል፣ ምትክ አይገኝም። ታዲያ በግሩፕ የምናድረው ሌሊት ለምን ነጥብ አይቆጠርለትም? አንድ ጀማሪ ላሳፈረ ይህን ያህል፣ በምርቃት ላሳፈረ ደግሞ እጥፍ ቢሰጥ ሁላችንም በአንድ ወር ፈቃድ እናሳድስ ነበር። ማስረጃው ሞልቷል፣ ስክሪንሾቱ በየስልካችን አለ። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስልጠና ሲያልቅ "ምን ተማራችሁ?" ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄ ደግሞ እኛ ጋ አይወደድም።